የአያት ስም የማይጠይቅ መስኮት

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሚናፍቀኝ ደመወዙ አይደለም፤ ደመወዙማ ሥራ ላይ እያለሁም ናፍቆት ነበር። የሚናፍቀኝ የካርድ መስኮቱ ጫጫታ ነው። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ መስኮቱ ሲከፈት ሰልፉ ይገፋፋል፤ አንዱ በኦሮምኛ ይቆጣል፣ ሌላው በአማርኛ ይመልስለታል፣ ከዚያ ተያይተው ይስቃሉ። አሁን ነቀምቴ ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ወደ ሕክምና የሚሮጡትን ባጃጆች አያለሁ። ውስጡ በብርድ ልብስ የተጠቀለለ ሰው ካየሁ ሳላስበው ብድግ እላለሁ። ልጄ "እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ እንጂ" ትለኛለች። ማረፍ የሚባለውን ሥራ ማን አስተማረኝና!

ጎረቤቶቼ ምን እሠራ እንደነበር በውል አያውቁም። ግማሾቹ ነርስ ነበረች ይላሉ፤ ግማሾቹ ደግሞ ኮምፒውተር ጠጋኝ። እውነቱ በካርድ ክፍል ጀምሬ በኮምፒውተር ጨረስኩ። ከሁሉም የሚበልጥብኝ ግን አንድ ትንሽ ሥራ ነው። እሱን ለመንገር ከቢላ ከተማ መነሳት አለብኝ።

ቢላ ጤና ጣቢያ ስቀጠር ገና ልጅ ነበርኩ። ካርድ ክፍሉ ጣሪያው የሚያፈስ ጠባብ ቤት ነው። ክረምት ሲመጣ መደርደሪያውን ላስቲክ አልብሰን እኛ እንረጥብ ነበር። አለቃዬ አቶ ኢተፋ "ሰው ቢረጥብ ይደርቃል፣ ካርድ ከረጠበ ግን አበቃ" ይሉ ነበር። ካርድ ያለቦታው ያስቀመጠ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አያናግሩትም። ቁጣቸው ዝምታ ነው፤ ከስድብ ይከብዳል። ያን ጊዜ አማርሬያቸው ነበር። ዛሬ ግን ያ ዝምታቸው እንኳ ይናፍቀኛል።

ከቢላ ወደ ጊዳ አያና ተዛወርኩ። እዚያ በአንድ ሰልፍ ላይ "አካም ቡልቴ" እና "እንዴት አደርሽ የኔ እናት" ጎን ለጎን ይሰማሉ። ከወሎ መጥተው የሠፈሩት ገበሬዎች ልጆቻቸው ኦሮምኛውን እንደ ውኃ ይጠጡታል፤ የእኛዎቹም ከእነሱ ጋር ሲጫወቱ የወሎን አነጋገር ይቀዳሉ። እኔም በሽተኛን በሁለት ቋንቋ መጠየቅ የለመድኩት እዚያ ነው። ያገባሁትም እዚያ ነው፤ ባለቤቴ መምህር ነበር።

የባለቤቴ እናት በሠርጉ ሰሞን ወደ ጓዳ ጠርተው አንድ ነገር አስተማሩኝ። "የባልሽን አባት ስም በአፍሽ እንዳታነሺ። የእኔ አማት ስም እስከ ዛሬ በእኔ አፍ አልተጠራም" አሉኝ። የከተማ ልጅ ነኝና በልቤ ሳቅሁ። ግን አንዴ ከገባሽበት አፍሽ ራሱ እምቢ ይላል። የጎረቤታችን ልጅ የባለቤቴ አባት ሞክሼ ስለነበር እስኪጎረምስ ድረስ "የጎረቤት ልጅ" እያልኩ ጠራሁት። ልጁ ስሜ ይህ ነው ብሎ ሳይገምት አይቀርም። አማቴ ሰውዬው ካረፉ ቆይተዋል፤ ቢሆንም ስማቸውን እዚህም አልጽፍላችሁም።

ከዚያ ነቀምቴ። የሠራሁበትን ተቋም ስም አልጠራም፤ ስም አለመጥራት እንግዲህ ልማዴ ነው። ዝውውሩ፣ የደረጃ እድገቱ፣ "ማመልከቻሽ እየታየ ነው" የሚለው ዓመታት ፈጅቷል፤ እሱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ነቀምቴ በገባሁ በጥቂት ዓመት ውስጥ ካርዱ ሁሉ ወደ ኮምፒውተር ይግባ ተባለ። ያኔ ነው ከኦቦ ዲንሳ ጋር የተገናኘነው።

ኦቦ ዲንሳ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ነበሩ። ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያሉ፣ ድምፃቸው ወፍራም የጊምቢ ሰው። ሻያቸውን ያስቀዳሉ፣ በላዩ ላይ የስኒ ማስቀመጫውን ይከድኑበታል፣ ከዚያ ይረሱታል። ሁልጊዜ የሚጠጡት የቀዘቀዘ ሻይ ነው። "ትኩሱን ማን ጠጣብኝ?" ብለው እኔን ያዩኛል። ኮድ ሲያነቡ ደግሞ ጮክ ብለው ነው፤ ያውም ወደ ኦሮምኛ እየመለሱ፣ ሽማግሌ የዕርቅ ውል እንደሚያነብ። "እዚህ ጋ እንዲህ ከሆነ እንዲህ አድርግ ይላል። እሺ። ካልሆነስ? ካልሆነ ምንም አይልም። ታዲያ ይህ ሰውዬ ያልሆነለትን ሰው የት ጥሎት ሄደ?" ይላሉ። መጀመሪያ ጊዜ ሰውዬው ነካ ያደርጋቸዋል ብዬ ነበር። በኋላ እኔም ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። ስህተት በዓይን ያመልጣል፤ በጆሮ ግን ይያዛል።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። በመስኮት ላይ የሚሠራ ነገር ከመለወጣቸው በፊት ጋወናቸውን አውልቀው ሰልፉ ውስጥ ይቆማሉ። እንደ በሽተኛ። ዘበኛው እያወቃቸው እንኳ ቀድመው አይገቡም። ተመልሰው ሲመጡ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል፤ "ጽጌ፣ ይህን ብንለውጠው ማን ይጎዳል?" ማን ይጠቀማል አይሉም። የሚጠቀመው ራሱ ይመጣል፣ የሚጎዳው ግን ድምፁ አይሰማም ባይ ናቸው። ኮድ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ማታ ኮሌጅ ገብቼ ዲፕሎማ ይዣለሁ፤ እውነተኛው ትምህርት ግን ከዚያ ቀዝቃዛ ሻይ አጠገብ ነበር።

ፕሮግራሙ ኦፕን ሶርስ የሚሉት ዓይነት ነው። ምንድነው ብዬ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፤ "የተጻፈበት ኮድ ለሁሉም ክፍት ነው። የትም አገር ያለ ሰው ቀዳዳ ካየ እራፊ ሠርቶ ይልካል፤ ጠባቂዎቹ መርምረው ከተስማሙ ከዋናው ላይ ይሰፋል። ከዚያ እኛ ጋ የተሰፋው ሕንድም ኬንያም ይለበሳል። ደቦ ነው በይው። የሰው ደቦ በልተሽ በተራሽ ካልሄድሽ ደግሞ ሐሜቱን ታውቂዋለሽ።" እነሱ ፓች ይሉታል፤ እኛ በእሳቸው አፍ እራፊ ስንለው ኖርን።

አሁን ወደ ቀዳዳው ልምጣ።

ሕፃን ሲመዘገብ ፕሮግራሙ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም ይጠይቃል። አያት የሚለው ሳጥን አጠገብ ቀይ ኮከብ አለ፤ ካልሞላ አያሳልፍም። ልጅ ይዛ የምትመጣው ደግሞ እናት ናት። የልጁ አያት ማን ነው? አማቷ። እንግዲህ የገጠር ሴት፣ ሰው በተሰበሰበበት መስኮት፣ "የአያቱ ስም?" ስትባል ምን ትበል? አንዷ ዝም ትላለች። አንዷ ወደ ኋላ ዞራ ጎረቤቷ እንድትጠራላት ትለምናለች። አንዷ የመጣላትን ስም ትሰጣለች። ሰልፉ ይጮኻል፣ መዝጋቢው ይቸኩላል።

ታደሰ የሚባል መዝጋቢ ነበረን፤ ደግና ችኩል። እናቲቱ ዝም ስትለው የራሱን አያት ስም፣ ሶርሳን፣ ይሞላና ያሳልፋታል። ለደግነት ነው። አንድ ቀን ኦቦ ዲንሳ ፍለጋ ላይ ሶርሳ ብለው ቢጽፉ የልጅ መዓት ወረደ። የሙስሊሙም፣ የጴንጤውም፣ የኦርቶዶክሱም ልጅ የሶርሳ የልጅ ልጅ ሆኖ አረፈው። "ታደሰ፣ አያትህ ብርቱ ሰው ነበሩ" አሉት። ለብዙ ጊዜ ሳቅንበት። ግን ቀልድ አልነበረም። ልጁን ዛሬ አባት አምጥቶ በትክክለኛው ስም ያስመዘግበዋል፤ ሌላ ቀን እናት ስታመጣው ሌላ ፋይል ይከፈትለታል። አንድ ልጅ ሁለት ሰው ይሆናል። ያለፈ ሕመሙ በአንዱ፣ የዛሬው መድኃኒት በሌላው።

ኦቦ ዲንሳ ሰልፍ ቆመው ይህን በዓይናቸው አዩ። ሁለታችን ተቀምጠን እራፊ ሠራን። ቀይ ኮከቡን አነሳን፤ በምትኩ ልጁን ያመጣው ሰው የራሱን አባት ስምና መንደሩን እንዲናገር አደረግን። ሴት የአባቷን ስም መጥራት አይከብዳትም፤ እንዲያውም ደስ ይላታል። ለእኛ ቤት ሠራ። እሳቸው ግን "እኛ ጋ ብቻ የተሰፋ እራፊ አዲስ ልብስ ሲመጣ አብሮ ይጣላል። ወደ ዋናው እንላከው" አሉ። ላክነው።

ከጠባቂዎቹ አንዱ፣ ሄንሪክ የሚባል ሰው፣ በጨዋነት ጥያቄ መለሰ። አያት ካልተሞላ መዝጋቢዎች ሁሉ እየዘለሉት ቢሄዱስ? ደግሞስ እናት የልጇን አያት ስም የማታውቅበት ጊዜ ይህን ያህል ብዙ ነው ወይ? ጥያቄው የሚገባ ነበር። ኦቦ ዲንሳ መልሱን ጽፈው ጨረሱ። ሊልኩት ሲሉ ኔትወርክ ጠፋ።

ዛሬ ይመለሳል፣ ነገ ይመለሳል አልን። ወለጋ የኖረ ሰው የሚቀጥለውን ያውቀዋል። ስልክ የለም፣ ኢንተርኔት የለም፣ ከዚያ መንገዱም ተዘጋ። ኦቦ ዲንሳ በዚያው መሃል ጡረታቸው ደርሶ ወደ ጊምቢ በኩል ወዳለው የአባታቸው መሬት ሄዱ። ሲሄዱ "መልሱ ኮምፒውተሩ ላይ አለ። ኔትወርክ ሲመጣ ላኪው" አሉኝ። እሺ አልኩ። ሻያቸውን እንደተከደነ ትተውት ነበር የወጡት።

እዚያው ታመው አረፉ። መርዶው የደረሰኝ ከተቀበሩ በኋላ ነው፤ በአቋራጭ በእግሩ ከወዲያ የመጣ ነጋዴ ነው በቃሉ የነገረኝ። መንገዱ ገና አልተከፈተምና ለቅሶም አልደረስኩ። ለስንት ዘመድ ያለቀስኩ ሴት ለእሳቸው መቀመጫ እንኳ አጣሁ። እሳቸው ክፍል ገብቼ በሩን ዘጋሁና ምን እንደማደርግ ጠፋኝ፤ ጮክ ብዬ ኮድ አነበብኩ። ሌላ የማውቀው ጸሎት አልነበረኝም።

ኔትወርኩ የተመለሰ ዕለት መጀመሪያ የከፈትኩት ያንን ጉዳይ ነው። "ምላሽ ስላልተገኘ ተዘግቷል" ይላል። የዘጋው ሰው አይደለም፣ ሮቦት ነው፤ ዝም ያለ ጉዳይ ሁሉ በራሱ ይዘጋል። እኛ ዝም ያልነው ወደን እንዳልሆነ ሮቦት በምን ይወቅ። ወዲያው ደግሞ ከበላይ የመጡ ባለሙያዎች አዲሱን የፕሮግራም ስሪት በፍላሽ ይዘው መጥተው ጫኑ። እራፊያችን ከአሮጌው ጋር ተጣለ። ቀዩ ኮከብ ተመለሰ። ለመንኳቸው። "አዴ ጽጌ፣ ከዋናው ውስጥ የሌለ ነገር አንጭንም" አሉኝ፤ አዴ ማለታቸው እንደ እናት ሲያከብሩኝ ነው። ልክ ናቸው። ልክ መሆናቸው ነው ያናደደኝ።

አያንቱ የመጣችው በዚህ መሃል ነው።

አያንቱ ከጊዳ አያና ተፈናቅላ ነቀምቴ ዳር ላይ ዘመድ ቤት የተጠጋች ሴት ናት። ልጇ ኦብሳ ስድስት ዓመቱ ነው፤ የልብ ሕመም አለበት። ቀድሞ አባቱ ቶለራ አምጥቶት ታክሞ ነበር። ያኔ ፔኒሲሊን ሲወጋ ሰውነቱ አብጦ ለጥቂት ተርፏል፤ ፋይሉ ላይ በቀይ ተጽፏል። አሁን ቶለራ ሩቅ አገር የቀን ሥራ ላይ ነው፤ በእጃቸው የነበረው የሕክምና ወረቀት ከቤቱ ጋር ተቃጥሏል። ያ ቀይ ጽሑፍ ከኮምፒውተሩ በቀር የትም የለም።

መስኮቱ ላይ "የአያቱ ስም?" ተባለች። ዝም አለች። ሰልፉ ጮኸ። ታደሰ፣ ያ ደጉ ታደሰ፣ አዲስ ፋይል ከፍቶ ሶርሳ ብሎ አሳለፋት። እንደ እሱ ያለ የልብ ሕመም ላለበት ልጅ በየወሩ የሚታዘዘው መርፌ ፔኒሲሊን ነው። ከዚህ በፊት ተወግቶ ያውቃል ወይ ብለው ጠየቋት፤ አዎ አለች፣ ያኔ አብራ ስላልነበረች፣ ቶለራም እንዳትደነግጥ ብሎ አድበስብሶ ስለነገራት፣ የሆነውን በደንብ አታውቅም። አዲሱ ፋይል ንጹሕ ነው። ወጉት።

ሲስተር ሰናይት ሮጣ ክፍሌ ስትገባ ፊቷ አመድ መስሎ ነበር። "እዚህ ታክሟል ትላለች፤ የድሮ ፋይሉ የታለ? ልጁ መተንፈስ አቅቶታል!" አለችኝ። ስሄድ ዶክተሩ ላዩ ላይ ነው፤ የልጁ ከንፈር አብጧል፣ ደረቱ ይወጣል ይወርዳል። እናቱ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ምንም አልጠየቅኋትም፤ ዘግይታ የደረሰችውን የጊዳ አያና ጎረቤቷን ወደ ጎን ጎተትኳት፤ የአያቱን ስም በጆሮዬ ነገረችኝ። ጻፍኩት። ፋይሉ ተከፈተ። ቀዩ ጽሑፍ ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ። የቸገረው ነገር ጊዜው ማለፉ ነው።

ልጁ ተረፈ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ዶክተሩም ይባረክ። ብዙ ቀን ግን ተኛ። አያንቱ አልጋው ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጣ እህል አልቀምስ አለች። ሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

"ልጄን የገደልኩት እኔ ነበርኩ አዴ ጽጌ" አለችኝ።

"አልሞተም እኮ።"

"አፌን ዘግቼ ልገድለው ነበር።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ስለ አማቷ ነገረችኝ። ሁከቱ የመጣ ቀን ሽማግሌው ልጁን በጀርባዋ አዝለውላት በጓሮ በኩል ሸኝተዋታል። እሳቸው ከብቶቹን ትቼ አልሄድም ብለው ቀሩ። እንደቀሩ ቀሩ።

"እኒያ ሰው ናቸው ለዚህ ልጅ ነፍስ የሰጡት። ስማቸውን በቤታቸው እያሉ ያልጠራሁትን፣ አፈር ከለበሱ በኋላ በመስኮት እየጮኽኩ ልጥራው?" አለች። ከዚያ ዓይኗን ጠርጋ እንዲህ አለችኝ፤ "በየወሩ ለክትትል ነው አይደል የምመጣው? በየወሩ እጠራዋለሁ። ለልጄ ስል እጠራዋለሁ። እሳቸውም ይቅር ይሉኛል።"

የምትለው ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እኔም አፌ ላይ ያው ቁልፍ አለ። "አትጠሪውም" አልኳት። "አንቺ ምንም አላጠፋሽም። የሚታረመው ኮምፒውተሩ ነው።" ስናገር ቀላል ነበር። ጡረታ ልወጣ የቀሩኝ ጥቂት ወራት ናቸው። እኔ እስካለሁ በመጣች ቁጥር እኔ ጋ ይላኳታል፤ እኔ ከወጣሁስ? ያቺ ሴት ከአማቷ ስምና ከልጇ መሃል በየወሩ ልትቆም ነው። እሷ ብቻም አይደለችም።

በዚያው ሳምንት ጉዳዩን እንደገና ከፈትኩት። መጀመሪያ የላክሁት የኦቦ ዲንሳን መልስ ነው፣ አንድ ቃል ሳልነካ። እንዲህ ይላል፤ "እናቲቱ ስሙን ታውቃለች። የማትጠራው ስለምታከብረው ነው። ፕሮግራማችን አንዲትን እናት ከአክብሮቷና ከልጇ አንዱን ምረጪ ማለት የለበትም።" ከሥሩ እኔ በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ የኦብሳን ነገር ጨመርኩ፤ ስም ሳልጠራ።

ሄንሪክ በማግስቱ መለሰ። መጀመሪያ ጉዳዩ በሮቦት በመዘጋቱ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ወደ ሥራው ገባ፤ ሥራው ላይ ደግሞ ምሕረት የለውም። የላክሁት ኮድ በሁለት ቦታ ይሰበራል አለ፤ አንዱ ያው መዝጋቢዎች ሁሉን እየዘለሉ ቢሄዱስ ያለው ነው። ሌላው እኔ ማየት የነበረብኝ ነው፦ ልጁን ዛሬ እናት፣ ነገ አክስት፣ ከነገ ወዲያ የጎረቤት ሴት ብታመጣው፣ በእናቱ አባት ስም የተመዘገበውን ማን ያገኘዋል? ኦቦ ዲንሳ ቢኖሩ "ማን ይጎዳል?" ብለው ይህችን አክስት ወዲያው ያገኟት ነበር። ናፍቆት ማለት ያኔ ገባኝ። የሚያለቅሱበት ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሥራ መሃል ዞር ብለሽ የምትጠይቂው ሰው ማጣትም ነው።

እሳቸው የሌሉበትን ሥራ እንደ እሳቸው ሠራሁ። ጋወኔን አውልቄ ሰልፍ ቆምኩ። ልጅ ማን ይዞ እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚባልና ምን እንደሚመልስ ሰማሁ። ተመልሼ ኮዱን ጮክ ብዬ አነበብኩ። ከዚያ ለአንድ ልጅ አምጪዎቹ ብዙ ሊሆኑ እንዲችሉ አደረግሁ፤ እያንዳንዷ በራሷ አባት ስምና በመንደሯ ትመዘገባለች፣ አዲስ አምጪ ብትመጣም ፕሮግራሙ በልጁ፣ በአባቱና በመንደሩ ስም የድሮውን ፋይል ያወጣል፤ በማናቸውም ቢፈለግ ልጁ ያው አንድ ልጅ ነው። አያቱ ባዶ የሚታለፈው ደግሞ እነዚህ ከተሞሉ ብቻ ነው፤ ችኩል መዝጋቢ በነጻ አይዘለውም። እራፊው እንዳይቀደድ መፈተኛም መጻፍ ነበረብኝ፦ በአባት በኩል የተመዘገበ ልጅ፣ ከዚያ እናት ስታመጣው፣ ከዚያ አክስት ስታመጣው፣ ሦስቱም ጊዜ ቀዩ ማስጠንቀቂያ ይወጣል ወይ? መጀመሪያ አልወጣም። እንደገና። አልወጣም። ሲወጣ ብቻዬን እልል አልኩ፤ ሰናይት ምን ሆነሽ ብላ መጣች።

ክርክሩ ግን አላለቀም። ሌላ ጠባቂ ገብቶ ይህ የአንድ አካባቢ ልማድ ነው፣ ለአንድ አካባቢ ብለን ዋናውን አንለውጥም አለ። መልስ መጻፍ ስጀምር ከደቡብ አፍሪካ አንዲት ሴት ብቅ አለች። አናውቃትም፣ አታውቀንም። "በእኛም አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። እኔ ራሴ በዚህ ፕሮግራም ላይ የልጄን ፋይል አጥቼ አውቃለሁ። እስከ ዛሬ ጥፋቱ የእኔ ይመስለኝ ነበር" ብላ ጻፈች። ያኛው ጠባቂ ተቃውሞውን አነሳ። ሄንሪክ እራፊውን ተቀበለው። የሠራው ሰው ስም ሲሞላ ሁለት ስም ጻፍኩ፦ ዲንሳ እና ጽጌ። የእሳቸውን አስቀደምኩ።

አዲሱ ስሪት ነቀምቴ የደረሰው እኔ ልወጣ ስል ነው። እነዚያው ባለሙያዎች በፍላሽ ይዘውት መጡ፤ አሁን ከዋናው ውስጥ አለና እንከን የለውም።

አያንቱ በወሩ መጣች። ከሰልፉ ጀርባ፣ እሷ ሳታየኝ ቆምኩ። ተራዋ ሲደርስ ልጇን ወደ ፊት አቀረበች፣ ነጠላዋን አጥብቃ ያዘች። አፏን ልትከፍት እንደተዘጋጀች ትከሻዋ ይናገራል። ታደሰ የልጁንና የአባቱን ስም ከጻፈ በኋላ ስክሪኑን አየና በኦሮምኛ "አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አላት።

አልገባትም። "እኔ?"

"አንቺ፣ አዎ። አባትሽ ማን ይባላሉ? ከየት መንደር ናችሁ?"

የአባቷን ስም ተናገረች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ እንዳይሳሳት ጮክ ብላ ደገመችው። መንደሯንም ነገረችው። ታደሰ ጻፈ፣ ጠበቀ፣ ከዚያ ስክሪኑን ወደ እሷ አዞረላት። ማንበብ አትችልም፤ ቀዩን ግን አየችው። "ፔኒሲሊን እንዳይወጋ ይላል" አላት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ዞር ስትል አየችኝ። ሰልፉን ጥሳ መጣች። "አንቺ ነሽ ያደረግሽው?" አለችኝ፤ ከደስታዋ ብዛት አንቱታውን ረሳችው።

"ሁለት ነን" አልኳት። "ኦቦ ዲንሳ የሚባሉ አለቃዬ ነበሩ የጀመሩት።"

"የት ናቸው? እግራቸውን ልሳም።"

"የሉም አያንቱ። መንገድ ተዘግቶ በነበረ ጊዜ አረፉ። እኔም አልቀበርኳቸውም።"

ፊቷ ተለወጠ። የራሷም ሰው ያለ ቀባሪ የቀሩባት ሴት ናት። ልጇን አጠገቧ አቆመች፣ መዳፎቿን ወደ ላይ ገልብጣ ዘረጋች፣ ወደ መስኮቱ ሳይሆን ወደ ሰልፉ ዞረች። "የማን ልጅ ናቸው?" አለችኝ።

"የጉተማ" አልኳት።

"ዲንሳ ጉተማ!" ብላ በኦሮምኛ ጮኸች። "ሳያውቁኝ አፌን ጠበቁልኝ። ልጄን መለሱልኝ። አፈሩ ይቅለላቸው። ቤታቸው አይዘጋ፣ ዘራቸው ይብዛ፣ ስማቸው አይጥፋ!"

ሰልፉ ማን እንደሆኑ አያውቅም። ቢሆንም ሲመረቅ ዝም የሚል ሰው የለምና ሁሉም እጁን ዘረጋ። ሽማግሌዎቹ ከተቀመጡበት ተነሱ። አሜን የሚለው አሜን፣ አሚን የሚለው አሚን እያለ መለሰላት፤ ታደሰም በመስኮቱ ውስጥ ቆሞ ነበር። እኔ ግድግዳውን ይዤ፣ ጊምቢ መንገድ ላይ የቀረብኝን ለቅሶ እዚያው አለቀስኩ።